ልጁ አይደሉም፤ እሳቸው ናቸው

የሌሊት ሺፍት ልረከብ ስገባ የምተካት እህት ካፖርቷን እየደረበች የውሎውን ነገር በአማርኛ ትነግረኛለች። «ልጁ በልቷል፤ መድኃኒቱን ወስዷል፤ ግን ዛሬ ነጭናጫ ሆኖ ነው የዋለው።» ልጁ የተባሉት ሰው ሳሎን ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ። ዕድሜያቸው 61 ነው፤ ጢማቸው ገብስማ ሆኗል። እሷ ገና 34ን አልደፈነችም። አገር ቤት ሆና እኚህን ሰው መንገድ ላይ ብታገኛቸው ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ «እንደምን አመሹ አባባ» ነበር የምትለው።

እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው ጉዳችን አይታይም። ቀኑን ሙሉ «ዩ» እያልን እንውላለን፤ አንተም አንቱም እዚያው ውስጥ ናቸው። አማርኛው ግን ያጋልጠናል። እኔም ብሆን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት «ልጁ» ስል ነው የኖርኩት። ይህን የምጽፈው በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግሩፕ ሆም (የዕድገት ጉዳት ያለባቸው ሰዎች በሚኖሩበት ቤት) ለሚሠሩ ወገኖቼ ነው። ሚኒሶታና ሲያትል ያላችሁም የምታውቁትን ነገር ታገኙበታላችሁ፤ የየስቴቱ መሥሪያ ቤት ስም ይለያያል እንጂ የፌደራሉ መሠረት አንድ ነው።

ኤጀንሲው ሲቀጥረን ሲፒአር ያሠለጥነናል፣ ሰው እንዴት እንደሚነሣ ያሳየናል፣ ስለ በደልና ስለ ቸልታ ስላይድ አሳይቶ ያስፈርመናል። ስለ ራሳችን ጠባይ ግን የሚነግረን የለም። ሐበሻ በዚህ ሥራ የሚፈለገው ታጋሽና ሩኅሩኅ ስለሆነ ነው ይባላል፤ ውሸት አይደለም። ይሁንና እኔ እስከገባኝ ድረስ የነዋሪዎቹን መብት አብዝተን የምንነጥቀው በዚሁ በርኅራኄያችን በኩል ነው። ክፉ ሠራተኛ ይዋል ይደር እንጂ ይያዛል፣ ይባረራል። በደግነት ሰው ሲያሳንስ የሚኖረውን ግን የሚናገረው የለም፤ እንዲያውም የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ተብሎ ይሸለማል።

ጉርሻ

በመጀመሪያው ዓመቴ፣ በፋሲካ ማግስት፣ ከቤት ዶሮ ወጥ ይዤ ወደ ሥራ ሄድኩ። «ልጁ» የምንላቸው እኚሁ ሰው ሽታው ስቧቸው መጡና አጠገቤ ቆሙ። ምን ላድርግ? በእንጀራ ጠቅልዬ አጎረስኳቸው። ጉርሻ አንድ ያጣላል እየተባለ ያደገ እጅ ደግሞ ሁለተኛውን ማስከተሉ አይቀርም። ሳል ጀመራቸው፤ ከዚያ ሳሉ ተቋረጠና ድምፃቸው ጠፋ። ሥልጠናው ላይ በአሻንጉሊት የተለማመድኩትን ከኋላ አቅፎ ሆድን ወደ ላይ መጫን አስታውሼ አደረግኩ። ወጣላቸው። 911 ደወልኩ፤ ሆስፒታል አድረው በማግስቱ ተመለሱ።

ፋይላቸው ውስጥ፣ መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ፣ የመዋጥ ችግርን የመረመረችው ስፒች ቴራፒስት የጻፈችው መመሪያ ነበረ። ምግባቸው የተፈጨ፣ መጠጣቸው በዱቄት የወፈረ ይሁን፤ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ በትንሽ ማንኪያ፤ የመጀመሪያው መዋጡ ሳይረጋገጥ ሌላ አይከተል ይላል። ገጹን ገልጬ አላየሁትም ነበር። ማንም «አንብብ» አላለኝም የሚል ምክንያት ነበረኝ፤ ምክንያቱ ግን እሳቸውን አያተርፍም ነበር። አዲስ ቤት የምትመደቡ፣ ከኩሽናው በፊት ፋይሉን ክፈቱ። ከ80 ገጽ ውስጥ መጀመሪያ የሚፈለጉት የምግብ መመሪያው፣ የሚጥል በሽታ ካለ የእሱ መመሪያ፣ አለርጂውና የባህሪ ድጋፍ ዕቅዱ ናቸው። ሌላውን ሌሊት ታነቡታላችሁ።

በዚህ ሙያ የቆዩ ነርሶች «አራቱ ገዳዮች» የሚሏቸው አሉ፦ ምግብ ወይም ምራቅ ወደ ሳንባ መግባት፣ የሰውነት ውሃ ማነስ፣ የሆድ ድርቀትና የሚጥል በሽታ። የሆድ ድርቀት ሰው ይገድላል ሲሉኝ የተጋነነ መስሎኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ብዙዎቹ ነዋሪዎች የሚወስዱት መድኃኒት አንጀትን ያዘገያል፤ ብዙ አይንቀሳቀሱም፤ ውሃ አይጠይቁም፤ ሲያማቸው መናገር የማይችሉም አሉ። አንጀት ተዘግቶ እስኪፈነዳ ድረስ ሰው የሚያየው «ዛሬ ምግብ እምቢ አለ» የሚለውን ብቻ ነው። እና ያ የምንስቅበት፣ ማን መቼ ሽንት ቤት እንደወጣ የሚሞላው ሰንጠረዥ የይስሙላ አይደለም። ሳታዩ ምልክት አታድርጉ። ባዶ ቀኖች ሲደራረቡ፣ ፋይሉ ላይ ስንት ቀን እንደሚል አይታችሁ ለነርሷ ደውሉ።

የሚያስቸኩል ነገር ሲመጣ መጀመሪያ ለሱፐርቫይዘር መደወል የለመድን አለን። መተንፈስ ያቃተው ሰው፣ ወይም መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ በላይ የቆየበት ሰው ሲያጋጥም ቀድሞ የሚደወለው 911 ነው። ሱፐርቫይዘሩ ከአምቡላንሱ በኋላ ይስማ።

ጉርሻው ሌላም ነገር አስተምሮኛል። ማንኪያ መያዝ የሚችል ሰው ስናጎርስ ማንኪያ መያዙን እናስረሳዋለን። ቁልፍ መቆለፍ የሚችል ሰው ሸሚዙን ስንቆልፍለት ጣቱ ይደነዝዛል። ይህን የምናደርገው ደግሞ ከፍቅር ብቻ አይደለም፤ የዴይ ፕሮግራሙ ቫን ከጠዋቱ 8 ሰዓት ላይ ደጅ ይቆማል። መፍትሔው 20 ደቂቃ ቀድሞ መቀስቀስ ነው። የሚያስቅ ያህል ቀላል ነው፤ ግን በሠራሁባቸው ቤቶች የሚያደርገው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው።

ቤቱ የማን ነው?

ያጎረስኳቸው ሰው ያደጉት ፎረስት ሄቨን ነው። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ1925 ከከተማዋ አርቃ፣ ሎረል ሜሪላንድ ላይ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች የከፈተችው ትልቅ ግቢ ነው። (ዓመቶቹንም ሰዓቶቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ወላጆች በ1976 ከሰሱ። ግቢው የተዘጋው ግን ከ15 ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1991 ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ነዋሪዎቹን በተደጋጋሚ የገደላቸው ምግብ ወደ ሳንባ ገብቶ የሚያመጣው የሳንባ ምች ነበር፤ ሰዎችን በተኙበት ይመግቧቸው ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው እኚህ ሰው ማንኪያ በፍጥነት ሲመጣባቸው ለምን ጭንቅላታቸውን እንደሚያዞሩ የጠረጠርኩት። እኛ «እምቢተኛ» ብለን እንጽፍ ነበር።

ፍርድ ቤቱ በዚያ ክስ ዲሲን መቆጣጠሩን ያበቃው በ2017 ነው። ሜሪላንድ ኦዊንግስ ሚልስ የነበረውን ሮዝዉድ የተባለ ግቢ በ2009 ዘጋች፤ ቨርጂኒያም ፌርፋክስ ያለውን ትልቅ ማዕከሏን በ2016። የኛ እንጀራ የተገኘው ከነዚህ ግቢዎች መዘጋት ነው። ሰዎቹ ወጥተው እንደ ሰው ሰፈር ውስጥ ይኑሩ ስለተባለ ግሩፕ ሆም ተከፈተ፤ ግሩፕ ሆም ስለተከፈተ እኛ ተቀጠርን።

በሕግ በኩል ትልቁን በር የከፈቱት የጆርጂያዎቹ ሎይስ ከርቲስና ኢሌን ዊልሰን ናቸው። ሐኪሞቻቸው በማኅበረሰቡ ውስጥ መኖር ይችላሉ ካሉ በኋላም ሆስፒታል እንዲቀመጡ ተደርገው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1999 ያለ በቂ ምክንያት ሰውን ለይቶ ማስቀመጥ በ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት አድልዎ ነው አለ። ሎይስ ከርቲስ ኋላ ሠዓሊ ሆኑ፤ በ2011 ዋይት ሀውስ ገብተው ሥዕላቸውን ለፕሬዚዳንት ኦባማ ሰጡ።

ለእኛ የዕለት ሥራ ከዚያ የቀረበው በ2014 የወጣው የሜዲኬይድ ዌይቨር (ከተቋም ውጪ ለሚሰጥ ድጋፍ የሚከፍለው የመንግሥት ፕሮግራም) ደንብ ነው። ስቴቶች ቤቶቻቸውን ከደንቡ ጋር እንዲያስማሙ እስከ ማርች 2023 ጊዜ ተሰጥቷቸው ነበር። ደንቡ ሲጨመቅ እንዲህ ይላል፦ ኤጀንሲው ቤቱን ቢያቀርብም ነዋሪው ተከራይ እንጂ ታካሚ አይደለም። ውል ወይም ውልን የሚተካ ጥበቃ አለው። የክፍሉ በር የሚቆለፍ ይሁን፤ ቁልፍ የሚይዘውም የሚያስፈልገው ሠራተኛ ብቻ ነው። ክፍል የሚጋራ ከሆነ ከማን ጋር እንደሚጋራ ይመርጣል። ግድግዳው ላይ የፈለገውን ይሰቅላል። ውሎውን ራሱ ያወጣል። ምግብ በፈለገው ሰዓት ያገኛል፤ እንግዳ በፈለገው ሰዓት ይቀበላል። የምትሠሩበት ቤት በዌይቨር ሳይሆን አይሲኤፍ በሚባለው ሥርዓት የሚተዳደር ከሆነ የራሱ ሌላ ደንብ አለው፤ ጠይቃችሁ እወቁ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ በር የምናንኳኳው እየከፈትን ነው። በጣታችን ኳ እያደረግን፣ በሌላ እጃችን እጀታውን እያዞርን። አንኳኩቶ መልስ መጠበቅ፣ መናገር የማይችል ሰው ከሆነ ደግሞ «እኔ ነኝ፣ ልገባ ነው» ብሎ ትንሽ ቆም ማለት፣ አምስት ሰከንድ ቢወስድ ነው። የ50 ዓመት ሴት የወንድ ጓደኛዋ ሊጠይቃት ሲመጣ ፊታችን የሚጠቁረውስ? እናቷ አይደለንም።

አንድ ቤት ስሠራ ፍሪጁና ጓዳው በቁልፍ ይዘጉ ነበር። ምክንያቱ እውነተኛ ነው፤ ከነዋሪዎቹ አንዱ ፕራደር ዊሊ የሚባል ሕመም ነበረባቸው፤ ጥጋብ የሚባል ነገር አይሰማቸውም፤ እስኪጎዱ ድረስ ይበላሉ። ግን በዚያ ቤት ሌሎች ሦስት ሰዎችም ነበሩ። ከነሱ አንዷ እርጎ ሲያምራት ቁልፍ የያዘ ሠራተኛ ፍለጋ ደረጃ ትወጣ ነበር፤ እኛም ስልክ ላይ ከሆንን «ቆይ» እንላት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዳ ነገር ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ደንቡ ክልከላን ጨርሶ አያግድም። ግን በቤት ደረጃ ሳይሆን በሰው ደረጃ እንዲሆን ያስገድዳል፤ በዚያ ሰው የድጋፍ ዕቅድ ላይም ስምንት ነገር ሊጻፍ ይገባል። ክልከላውን ያስፈለገው ተለይቶ የታወቀ ችግር ምንድን ነው? ከዚያ በፊት በበጎ መንገድ ምን ተሞከረ? ቀለል ያለው ዘዴ ተሞክሮ ለምን አልሠራም? ክልከላው ከችግሩ ጋር ይመጣጠናል? እየሠራ መሆኑ በምን ይመዘገባል? መቼ እንደገና ይታያል? ሰውየው ወይም የሚወክላቸው ሰው ተረድተው ፈቅደዋል? ጉዳት እንደማያስከትልስ ተረጋግጧል? ቁልፍ፣ የበር ደወል፣ «ከ9 ሰዓት በኋላ ቡና የለም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ባያችሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ይሄ የማን ዕቅድ ላይ ነው ያለው?» ሱፐርቫይዘሩ ስም መጥራት ካልቻለ ምናልባት የማንም ላይ የለም። ጥያቄውን በስብሰባ ላይ ከመወርወር ለሰርቪስ ኮርዲኔተሩ በኢሜይል መላክ ይሻላል፤ የተጻፈ ጥያቄ የተጻፈ መልስ ይፈልጋል። ፍሪጁ በሚቆለፍበት በዚያ ቤት ኋላ ለሦስቱ የራሳቸው ቁልፍ ተሰጣቸው። አዲስ ነገር የተገዛ የለም፤ ቁልፉ ተቀረጸ፣ አለቀ።

ቤከን፣ ከበሮና አማርኛ

ሥልጠናው ላይ የማይነሡ፣ የኛ የራሳችን ጥያቄዎች አሉ። ዐቢይ ጾም ነው፤ አንድ ነዋሪ ጠዋት ቤከን ይወዳሉ። እኔ ጓንት አድርጌ እጠብሳለሁ፤ የምበላው እኔ አይደለሁም። አሳማ መንካት የማትፈልግ ሙስሊም ባልደረባዬ ደግሞ ገና ስትቀጠር ለኤጀንሲው ነገረች፤ ቁርሱን ሌላ ሰው እንዲሠራ፣ እሷ የልብስ እጥበቱን እንድትይዝ ተስማሙ። ኤጀንሲው የሠራተኛን እምነት በሚችለው መጠን እንዲያስተናግድ ሕጉ ይጠይቀዋል። ጥያቄው የሚቀርበው ግን አስቀድሞ ነው እንጂ መጥበሻው ከጋለ በኋላ አይደለም። የማይሆነው «ዛሬ ቤከን አልቋል» ብሎ መዋሸት ነው፤ ይህንንም አይቻለሁ።

እሑድ ሺፍት ሲሆን ነዋሪውን ይዘው ወደ ራሳቸው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ አሉ። «በጣም ደስ ይለዋል» ይላሉ። ከበሮው ደስ ሊያሰኛቸው ይችላል፤ ማንን አያሰኝም። ግን ሰውየው ባፕቲስት ሆነው አድገው እንደሆነስ? ከተጠየቁ፣ እሺ ካሉ፣ ዕቅዳቸው ከፈቀደ ይሂዱ። የኛ ቅዳሴ እንዳያልፈን ከሆነ ግን በሰው ሰዓት መሳለም ነው።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ በሰው ራስ ላይ አማርኛ ማውራታችን ነው። ነዋሪው መሐል ተቀምጠው እኔና ባልደረባዬ ግራና ቀኝ ስለ እሳቸው እናወራለን። ስማቸው ሲጠራ ይሰማሉ፤ የቀረው ይጠፋባቸዋል፤ ስንስቅ ፊታችንን ያያሉ። እኛ ራሳችን አዲስ መጤ ሳለን ቢሮ ውስጥ ሁለት ሰዎች ዓይተውን በማናውቀው ቋንቋ ሲስቁ ምን እንደተሰማን እናስታውሳለን።

የምንጠቀምባቸው ቃላትም አሉ። በዚህ አገር የፌደራል ሕግ ውስጥ የነበረው የድሮው ስድብ አከል ስም በ2010 «የአእምሮ ዕድገት ውስንነት» ወደሚለው የተቀየረው፣ ሮዛ ማርሴሊኖ የምትባል ዳውን ሲንድረም ያላት የሜሪላንድ ሕፃን ቤተሰብ ተሟግቶ ነው። እኛ ዘንድ ጅል፣ ዘገምተኛ፣ ነካ ያደረገው የሚሉት ገና በሻይ ሰዓት ወሬ ውስጥ አሉ። ሕጉ ለዕድገት ጉዳት የሚሰጠው ትርጉም ደግሞ ከምናስበው ይሰፋል። ጉዳቱ ከ22 ዓመት በፊት የጀመረ፣ የሚዘልቅና ከሰባት የኑሮ መስኮች ቢያንስ ሦስቱን በብርቱ የሚገድብ ይሁን ነው የሚለው። መስኮቹም ራስን መንከባከብ፣ ቋንቋ፣ መማር፣ መንቀሳቀስ፣ በራስ መመራት፣ ብቻን መኖርና ራስን በገቢ መቻል ናቸው። ስለዚህ ሴሬብራል ፖልሲ ያለባቸው፣ አፋቸው የማይታዘዝላቸው፣ አእምሯቸው ግን ከኔም ከእናንተም የሰላ ሰዎች እዚህ ውስጥ አሉ። በሕፃን ድምፅ ስናናግራቸው ምን እንደሚያስቡ መገመት ነው።

እዚህ ላይ ከሥራ ሰዓት ውጪ የሚመጣብንን ጥያቄ ላንሣ። ግሩፕ ሆም እንደምንሠራ ያወቀ ወላጅ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥግ ይዞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጄ እስካሁን አይናገርም» ይለናል። አዲስ አበባ ላይ ዘሚ የኑስ በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ የታገሉት ከዚህ ዝቅ ካለ ድምፅ ጋር ነበር፤ እኛ አሜሪካም ይዘነው መጥተናል። መልሳችሁ አጭርና ተግባራዊ ይሁን። ከ3 ዓመት በታች ከሆነ የካውንቲው ወይም የከተማው የሕፃናት ድጋፍ ቢሮ በነፃ ይመረምራል። ከ3 ዓመት በላይ ከሆነ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ የምርመራ ጥያቄ ይስጡ፤ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላቸው። ልጁ ትምህርት ሳይጨርስ ለስቴቱ የዕድገት ጉዳተኞች መሥሪያ ቤት ማመልከት ይገባል፤ ከተመረቀ በኋላ የሚያመለክት ወላጅ ልጁን ይዞ ቤት ይቀመጣል። 18 ሲሞላ ለኤስኤስአይ (ለመንግሥት የገቢ ድጎማ) የወላጅ ገቢ አይቆጠርም። በስሙ ያለው ጥሪት ግን ከ2,000 ዶላር እንዳይበልጥ ስለሚባል «ኤብል» የሚባለውን የቁጠባ ሒሳብ ይጠይቁ። የመኖሪያ ፈቃድ ነገር ካለበት መጀመሪያ ጠበቃ ያነጋግሩ።

እምቢ ማለት

«ጋርዲያን (በሕግ የሚወስንላቸው ሞግዚት) አላቸው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አላቸው ብላችሁ አትነሡ። ዲሲ በ2018 ባወጣችው ሕግ አንድ ሰው የሚያምናቸውን ሰዎች መርጦ በእነሱ እገዛ ራሱ እንዲወስን ፈቅዳለች። ቨርጂኒያ ላይ በ2013 ጄኒ ሐች የተባለች ዳውን ሲንድረም ያላት ሴት፣ ወላጆቿ የቋሚ ሞግዚትነት ጥያቄ አቅርበውባት፣ ከምትወዳቸው ጓደኞቿ ጋር መኖርና መሥራት እፈልጋለሁ ብላ ተከራክራ ረትታለች። እኛ ቤት ግን «ዛሬ መታጠብ አልፈልግም» የሚል ቃል ገና እንደ አመፅ ይመዘገባል። እሺ፣ አሁን ካልሆነ ማታ ይሆን? ውሃው ቀዝቅዞባቸው ይሆን? ወንድ ሠራተኛ ይፈልጉ ይሆን?

መድኃኒት ላይም እንዲሁ ነው። እምቢ ካሉ እምቢ ብለዋል፤ ይጻፋል፣ ነርሷ ትጠራለች። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተፈጨ ፖም ውስጥ ደብቆ ማብላት የመብት ጥሰት እንጂ ብልሃት አይደለም። «ማር» የምንለው የመድኃኒት ሰንጠረዥ ላይም የሚፈረመው ከሰጡ በኋላ ነው፤ ስሙ ማር ቢሆንም ስንቱን ከሥራ ያባረረ መራራ ወረቀት ነው። ሜሪላንድ ላይ ሲኤምቲ፣ ዲሲ ላይ ቲኤምኢ የሚባለው ማረጋገጫ ከሌላችሁ ኩባያውን እንኳ አታቀብሉ። «ዛሬ ብቻ እርዱኝ» የሚል ሱፐርቫይዘር ነገ ስሙን አይሰጣችሁም።

የማይናገር ሰው እምቢታው በአካሉ ነው። አንድ ሰው ለሳምንት ያህል ጆሯቸውን በጡጫ ይመቱ ነበር። በሦስት ሺፍት፣ በዘጠኝ እጅ፣ «ባህሪ አሳይቷል» እየተባለ ተጻፈ። መድኃኒት ሊጨመርባቸው ቀጠሮ ተያዘ። አንዲት አዲስ ልጅ ግን እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ከጠዋቱ 7፡10 እስከ 7፡25፣ ሲተኙ በቀኝ ጎናቸው አልተኙም፣ ቀኝ ጆሯቸውን ብቻ 12 ጊዜ መቱ፣ ትራሱ ላይ ቢጫ ፈሳሽ አይቻለሁ።» ነርሷ አንብባ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ላከቻቸው፤ የጆሮ ኢንፌክሽን ነበር። እንግሊዝኛዋ ስብርብር ያለ ነው። «ባህሪ»፣ «ተናደደ»፣ «አስቸገረ» የሚሉትን ተዉና ያያችሁትን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን ጻፉ። ጥሩ እንግሊዝኛ አይጠበቅባችሁም።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ፦ የነዋሪው 5 ዶላር የነዋሪው ነው፤ አትበደሩ፣ አታበድሩ፣ ደረሰኝ ያዙ። ፎቷቸውን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አታውጡ፤ ልደታቸውም ቢሆን።

የኛ እንቅልፍ

ደክሞት የሚሠራ ሰው የማንንም መብት አያስከብርም። ስለዚህ የራሳችሁን ሕግም እወቁ። በፌደራል ደንብ መሠረት ሺፍታችሁ ከ24 ሰዓት በታች ከሆነ፣ እንድትተኙ ቢፈቀድላችሁ እንኳ ሰዓቱ የሥራ ሰዓት ነው፤ ይከፈላል። 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ 8 ሰዓት እንቅልፍ በስምምነት ሊቀነስ ይችላል። ግን ተገቢ መኝታ ሊኖር፣ ሌሊቱም በአብዛኛው ያልተቆራረጠ ሊሆን ይገባል። ተነሥታችሁ የሠራችሁት ሰዓት ይቆጠራል፤ 5 ሰዓት እንኳ መተኛት ካልቻላችሁ ሌሊቱ በሙሉ የሥራ ነው። የተነሣችሁበትን ሰዓት የራሳችሁ ማስታወሻ ላይ ያዙ። «አዌክ ኦቨርናይት» ተብላችሁ ከተቀጠራችሁ ግን መተኛት የለም።

ይህ ወደ ከባዱ ነገር ይወስደኛል። ወደዚህ ሥራ ያስገባችኝ አንዲት ጓደኛዬ ናት። ማመልከቻውን የሞላችልኝ፣ ለአሻራ በመኪናዋ የወሰደችኝ፣ አብረን እቁብ የምንጥል። ቀን ፓርኪንግ ትሠራለች፣ ሌሊት አዌክ ኦቨርናይት። አንድ ጠዋት ቀደም ብዬ፣ 6፡30 ላይ ደረስኩ። ሶፋው ላይ ጭልጥ ብላ ተኝታለች። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ነዋሪ ክፍል ስገባ ሰውየው ወለሉ ላይ ናቸው፤ ልብሳቸው ርሷል፣ ምላሳቸው ተነክሷል፣ ሰውነታቸው ቀዝቅዟል። በሕይወት አሉ። 911 ደወልኩ። እሷ ተነሥታ፣ እጄን ይዛ፣ «በእመቤታችን፣ አሁን ነው የወደቁት በል» አለችኝ።

ሕጉ ግልጽ ነው። እኛ የማሳወቅ ግዴታ ያለብን ሰዎች ነን። ማረጋገጥ የመርማሪው ሥራ ነው፤ ከእኛ የሚጠበቀው መጠርጠራችንን ወዲያው መናገር ነው፤ ለኤጀንሲውም፣ ለስቴቱ የአዋቂዎች ጥበቃ መሥሪያ ቤትም። «ለአለቃዬ ነግሬያለሁ» ማለት ብቻውን ከግዴታ አያወጣም። ከሥራ መባረርን የምትፈሩ፣ ወይም ኤጀንሲው ነገሩን ሊያዳፍን ነው የምትሉ፣ በ1975ቱ የፌደራል ሕግ መነሻ በየስቴቱ የተቋቋመ ነፃ የመብት ተሟጋች ድርጅት አለ፤ ሜሪላንድ ላይ ዲስአቢሊቲ ራይትስ ሜሪላንድ፣ ዲሲ ላይ ዲስአቢሊቲ ራይትስ ዲሲ ይባላል። ነዋሪው ራሱም መደወል ይችላል፤ ስልክ አንሥቶ ማቀበል የኛ ሥራ ነው።

ሪፖርቱን ጻፍኩ። ያየሁትን፣ ሰዓቱን፣ ሶፋውንም። ሥራዋን አጣች። እቁቡን እኔ ለቀቅኩ፤ ማንም ውጣ አላለኝም፤ ዕጣ ሲወጣ ዓይን ለዓይን መተያየቱ ከበደኝ። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ በአገጯ ሰላም ትለኛለች። የሰው እንጀራ ዘጋ የሚሉኝ አሉ፤ አይሳሳቱም፣ ዘግቻለሁ።

ሰውየው ያን ሌሊት ለስንት ሰዓት ወለሉ ላይ እንደቆዩ እስከዛሬ የሚያውቅ የለም። በየሰዓቱ የሚሞላው የክትትል ወረቀት፣ እኔ 6፡30 ላይ ሳነሣው፣ እስከ 7 ሰዓት ድረስ «ደህና ተኝቷል» ተብሎ ተሞልቶ ነበር።